የአናጢ መዶሻ ለቤት ሥራ፦ አመራረጥ፣ አመታትና የምስማር አነቃቀል

ሦስተኛው ምስማር ሲጣመምበት አብዛኛው ሰው ወይ ምስማሩን ይረግማል፣ ወይ ከበፊቱ አጠንክሮ መምታት ይጀምራል። ሁለቱም አይረዱም። ሥራው የሚበላሸው በጉልበት ማነስ ሳይሆን ከመጀመሪያው ምት በፊት በተዘለሉ ነገሮች ነው፤ መዶሻው ለሥራው አይሆንም፣ የመዶሻው ፊት ቆሽሿል፣ እንጨቱ ከሥሩ አልተደገፈም፣ ወይም የምስማሩ ርዝመት ከጣውላው ውፍረት ጋር አይመጣጠንም። በዚህ ምክንያት የመመሪያው ሰፊ ክፍል ስለ ዝግጅት የሚናገር ነው፤ ቸኩለው ወደ መምታቱ ቢያልፉ ወደ ኋላ መመለስዎ አይቀርም።

የአናጢ መዶሻ የሚባለው በአንድ በኩል ክብ መምቻ፣ በሌላ በኩል ለሁለት የተሰነጠቀ ምስማር መንቀያ ያለው ነው። ከዚህ በታች መምቻውን «ፊት»፣ የተሰነጠቀውን ክፍል «መንቀያ»፣ ሁለቱን የያዘውን ብረት ደግሞ «ራስ» እንላለን።

ደረጃ 1፦ መዶሻውን መምረጥ

ክብደት

ለቤት ውስጥ ሥራ አንድ መዶሻ ብቻ የሚገዙ ከሆነ የራሱ ክብደት 450 ግራም ገደማ፣ ጠቅላላ ርዝመቱም 33 ሴንቲ ሜትር አካባቢ የሆነውን ይምረጡ። ክብደቱ በአውንስ የተጻፈ ከሆነ 16 የሚለው ይኸው ነው። የሚጻፈው ቁጥር የራሱን ክብደት እንጂ እጀታውን ጨምሮ የመዶሻውን ጠቅላላ ክብደት እንደማያመለክት ልብ ይበሉ። ከ225 እስከ 300 ግራም የሚመዝነው ለቀጫጭን ምስማሮችና ለፎቶ ፍሬም ይስማማል፤ ከ570 ግራም በላይ ያለው ግን ቀኑን ሙሉ ወፍራም እንጨት ለሚያገጣጥም ሠራተኛ የተሠራ ነው።

«ከባድ መዶሻ ሥራ ያቀላል» የሚለው ምክር ለለመደ እጅ ይሠራል። ያልለመደ ሰው ግን ከባዱን መዶሻ መቆጣጠር ስለሚያቅተው እጀታውን ከመዶሻው ራስ አጠገብ ይይዛል፤ ያን ጊዜ የክብደቱም የርዝመቱም ጥቅም አብሮ ይቀራል። ለመፈተን የእጀታውን ጫፍ ይዘው ክንድዎን ወደ ፊት ይዘርጉና ቀስ ብለው እስከ 20 ይቁጠሩ። ከዚያ በፊት የእጅዎ አንጓ ወደ ታች ከወረደ ቀለል ያለውን ይውሰዱ።

የመንቀያው ቅርጽ

መንቀያው ወደ ታች የታጠፈና ቀጥ ያለ ሆኖ በሁለት ዓይነት ይመጣል። ቀጥ ያለው ተጣብቀው የተመቱ ጣውላዎችን ፈልቅቆ ለመለየት ይመቻል። የታጠፈው ግን ምስማር ሲነቅል በጀርባው ስለሚንከባለል ለቤት ሥራ ይሻላል።

ፊት

ፊቱ ለስላሳና በጣም በትንሹ ወደ ውጭ ያበጠ መሆን አለበት። ይህ እብጠት ምስማሩ ከእንጨቱ ጋር እስኪስተካከል ድረስ የፊቱ ጠርዝ እንጨቱን እንዳያቆስል ይረዳል። ፊቱ ላይ እንደ ወንፊት ጥርስ የወጣለት መዶሻም አለ፤ ከምስማር አይንሸራተትም፣ ነገር ግን በእያንዳንዱ ስህተት የጥርሱን ማኅተም እንጨቱ ላይ ይተዋል። ለሚታይ ሥራ አይግዙት።

እጀታ

የእንጨት እጀታ ንዝረትን ይውጣል፣ ሲሰበርም ይቀየራል። ከራሱ ጋር አንድ ወጥ ሆኖ የተሠራ የብረት እጀታ ምስማር ሲነቀል አይበገርም፤ ነገር ግን ንዝረቱን በቀጥታ ወደ ክርን ያደርሳል። የፋይበርግላስ እጀታ በመካከላቸው ነው። በግሌ የምመርጠው እንጨቱን ነው፤ ምስማር ሲነቅሉ ከልክ በላይ ከጎተቱ መሰንጠቅ ሲጀምር ይጮኻል፣ ያም ማስጠንቀቂያ ነው።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የሚከተሉትን በእጅዎና በዓይንዎ ይፈትሹ፦

1. እጀታውን በአንድ እጅ፣ ራሱን በሌላው ይዘው ይጠምዝዙ። ትንሽም ቢሆን ከተነቃነቀ ይተዉት።
2. የእንጨት እጀታ ከሆነ ግርጌውን ይመልከቱ። እዚያ የሚታዩት የእንጨቱ ጭረቶች ከፊቱ ወደ መንቀያው በሚወስደው አቅጣጫ የተሰመሩ ከሆኑ ጠንካራ ነው፤ አቋርጠው ከሄዱ በቀላሉ ይሰበራል። በጎኑ በኩል ደግሞ ጭረቱ ከላይ እስከ ታች ሳይቋረጥ መውረድ አለበት።
3. መንቀያውን ወደ ብርሃን አንሥተው ስንጥቁን ይዩ። ወደ ውስጥ እየጠበበ ሄዶ በሹል ማዕዘን ካልተዘጋ ቀጭን ምስማር አይዝም። ቀጭን ምስማር በኪስ ይዞ ሄዶ እዚያው መሞከር ከሁሉ የተሻለ ነው።
4. የፊቱን ጠርዝ በጣት ይዳስሱ። ጠርዙ በትንሹ ተሞርዶ ሰያፍ የሆነ እንጂ እንደ ምላጭ የቆመ መሆን የለበትም፤ የቆመ ጠርዝ ሲመታ ይሸረፋል።

ደረጃ 2፦ ከመምታት በፊት

ዓይንዎን ይሸፍኑ

የመከላከያ መነጽር ያድርጉ። በሰያፍ የተመታ ምስማር እንደ ጥይት ሊፈናጠር ይችላል፤ የሚፈናጠርበትንም አቅጣጫ ማንም አስቀድሞ አያውቅም። በአቅራቢያው የቆመ ሰው፣ በተለይም ሕፃን ካለ፣ ያርቁ።

የመዶሻውን ፊት ያጽዱ

ይህን የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው፤ ምስማር ለሚጣመምበት ሰው ግን የመጀመሪያው መድኃኒት ነው። ሙጫ፣ ቀለም፣ የእንጨት ዝፍትና ቅባት ፊቱ ላይ ይከማቹና ከምስማሩ ራስ ላይ እንዲንሸራተት ያደርጉታል። ጣትዎን በፊቱ ላይ ያሳልፉ፤ ከተንሸራተተ ወይም ከተጣበቀ ቆሽሿል። ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በጠፍጣፋ እንጨት ላይ አድርገው ብረቱ ደብዛዛ ግራጫ እስኪሆን ድረስ ይሹት። እስኪያብለጨልጭ አይሹት፤ የሚፈለገው ውበት ሳይሆን ትንሽ ሻካራነት ነው።

ምስማሩን ይምረጡ

ቀጭኑን ጣውላ በወፍራሙ ላይ ይምቱ እንጂ ተቃራኒውን አያድርጉ። የምስማሩ ርዝመት የቀጭኑ ጣውላ ውፍረት ሦስት እጥፍ ይሁን፤ ይኸውም ሲሶው በላይኛው፣ ሁለት ሦስተኛው በታችኛው እንጨት ውስጥ እንዲቀመጥ ነው። ላይኛው 20 ሚሊ ሜትር ከሆነ 60 ሚሊ ሜትር ምስማር ያስፈልጋል፣ የታችኛውም ውፍረት ከ40 ሚሊ ሜትር መብለጥ አለበት። ካልበለጠ ምስማሩ በማዶ ይወጣል፤ ስለዚህ አጠር ያለውን ይውሰዱና ቁጥሩን ይጨምሩ።

ደረቅና ጠንካራ እንጨት፣ እንዲሁም ከጣውላ ጫፍ አጠገብ የሚመታ ምስማር፣ አስቀድሞ ቀዳዳ ይፈልጋል። ቀዳዳው ከምስማሩ ውፍረት ትንሽ ይጥበብ፤ ለ3 ሚሊ ሜትር ምስማር 2.5 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ልክ የሚሆን የድሪል ጫፍ ከሌለዎት ከዚያው ዓይነት ምስማር የአንዱን ራስ በፒንሳ ይቁረጡና ምስማሩን ራሱን በድሪሉ ላይ ያሥሩት። ቀስ ብሎ ይበሳል፤ ቀዳዳውም ልክ ይሆናል።

እንጨቱን ይደግፉ

የሚመታው ነገር ከሥሩ ከተንቀሳቀሰ የምቱ ኃይል የሚያልቀው እንጨቱን በማንቀጥቀጥ ነው፤ ምስማሩ እምብዛም አይገባም። ጠረጴዛ ላይ የሚሠሩ ከሆነ መካከሉ ላይ ሳይሆን በእግሩ አናት ላይ ያድርጉት። ከዚያም የተሻለው ወለል ነው። ቀድሞ በቆመ ነገር ላይ፣ ለምሳሌ በቁም ሳጥን ጀርባ ወይም በአጥር ጣውላ ላይ ሲመቱ፣ ሌላ ሰው ከማዶ ከባድ እንጨት አስጠግቶ እንዲይዝልዎ ያድርጉ። ልዩነቱ በድምፅ ይታወቃል፤ የተደገፈ እንጨት ደፈን ያለ አጭር ድምፅ ሲሰጥ ያልተደገፈው እንደ ከበሮ ያስተጋባል።

ደረጃ 3፦ ምስማሩን ማስጀመር

1. ምስማሩ የሚገባበትን ቦታ በእርሳስ ያመልክቱ።
2. ምስማሩን በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ከራሱ ዝቅ ብለው ይያዙት። ብዙ ሰው ደኅንነት እየመሰለው ከሥሩ፣ እንጨቱ አጠገብ ይይዛል። መዶሻው ሲስት ግን ከላይ የተያዘ ጣት ተገፍቶ ይርቃል፤ ከታች የተያዘው በመዶሻውና በእንጨቱ መካከል ይጨፈለቃል።
3. መዶሻውን ለጊዜው ከእጀታው መካከል ይያዙና ሁለት ሦስት ጊዜ በቀስታ ይምቱ።
4. ምስማሩ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ገብቶ ብቻውን ሲቆም ጣትዎን ያንሡ። ቀጥ ማለቱን ከፊት ለፊትና ከጎን ይመልከቱ፤ ካዘነበለ አሁኑኑ በጣት ያቅኑት፤ በኋላ አይቃናም።

ጣት የማይዘው ትንሽ ምስማር ከሆነ ወፍራም ካርቶን ቆርጠው ምስማሩን በካርቶኑ ጫፍ ይውጉት፤ ካርቶኑን ራቅ አድርገው ይዘው ከመቱ በኋላ ቀድደው ያውጡት። የፀጉር ማበጠሪያ ጥርስም ያንኑ ያህል ያገለግላል።

ደረጃ 4፦ መምታት

እጅዎን አሁን ወደ እጀታው ግርጌ ያውርዱ፤ ከትንሿ ጣት በታች ከሁለት ሴንቲ ሜትር በላይ እጀታ አይተርፍ። አውራ ጣትዎን በእጀታው ጀርባ ላይ አያስተኙ፤ ዙሪያውን ይጨብጡ። ጭብጡ መዶሻው እንዳያመልጥ ያህል ብቻ ይሁን፤ አጥብቆ የጨበጠ እጅ በአሥረኛው ምስማር ይዝላል፣ አቅጣጫውንም ያበላሻል።

ክንድዎን ከክርን ያንሡ፣ መዶሻውን በራሱ ክብደት እንዲወርድ ይልቀቁት፣ በመጨረሻዋ ቅጽበት የእጅዎን አንጓ ይጨምሩበት። ዓይንዎ ከምስማሩ ራስ ላይ አይነሣ። ዋናው ነገር ግን የሚከተለው ነው፤ መዶሻው ምስማሩን በሚነካበት ቅጽበት እጀታው ከእንጨቱ ገጽ ጋር ትይዩ መሆን አለበት፤ ማለትም እጅዎ ከምስማሩ ራስ ጋር እኩል ከፍታ ላይ ይደርሳል። ምስማሩ እየገባ ሲሄድ እጅዎም አብሮት ዝቅ ይላል። የብዙ ሰው ምስማር በመጀመሪያ ቀጥ ብሎ ገብቶ መጨረሻ ላይ የሚጣመመው እጁ አብሮ ስላልወረደ ነው።

ምስማሩ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ኃይሉን ይቀንሱ። ራሱ ከእንጨቱ ጋር ሲስተካከል ያቁሙ። በሚታይ ቦታ ራሱ እንዲሰወር ከፈለጉ ጫፉ የደነዘ ሌላ ወፍራም ምስማር በላዩ አቁመው ቀስ ብለው ይምቱ፤ 2 ሚሊ ሜትር ከሰመጠ ይበቃል፣ ቀዳዳውንም በእንጨት ስቱኮ ይድፈኑት።

ምስማሩ ቢጣመም

የተጣመመበትን አቅጣጫ ሳያዩ አይንቀሉት፤ ስህተትዎን የሚነግርዎ እሱ ነው።

ወደ እርስዎ ካዘነበለ እጅዎ ከምስማሩ ራስ ከፍ ብሎ ነበር ማለት ነው። እንጨቱ ላይ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ጉድጓድ ካለም ከእርስዎ ራቅ ባለው ወገን ያገኙታል፤ የፊቱ የሩቅ ጠርዝ ቀድሞ ስላረፈ ነው። በሚቀጥለው እጅዎን ዝቅ ያድርጉ፣ ወይም ራስዎ ዝቅ ብለው ይቁሙ።

ከእርስዎ ራቅ ወዳለው ወገን ካዘነበለ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ እጅዎ ወርዶ ነበር፣ የጨረቃዋም ምልክት በእርስዎ በኩል ትሆናለች። እጅዎን ከፍ ያድርጉ፤ የሚሠሩበት ነገር ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ መቆሚያ ይጠቀሙ።

ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ የሚጣመም ከሆነ አቋምዎ ትክክል አይደለም። ትከሻዎ፣ ክርንዎና ምስማሩ በአንድ መስመር እንዲሆኑ ወደ ጎን ይራመዱ።

በየአቅጣጫው የሚጣመም ከሆነ ወይ ፊቱ ቆሽሿል፣ ወይ ምስማሩ ለእንጨቱ ጥንካሬ ቀጥኗል፣ ወይ ከሥር ጉጥ አጋጥሞታል። ጉጥ ከሆነ ከጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቀት ሌላ ቦታ ይምረጡ እንጂ አይታገሉት።

በትንሹ የተጣመመ ምስማር በመንቀያው ወይም በፒንሳ ተይዞ ከቀና በቀስታ ምት ሊገባ ይችላል። ሁለተኛ ጊዜ ከተጣመመ ነቅለው ይጣሉት፤ አንድ ጊዜ የታጠፈ ምስማር በዚያው ቦታ ደግሞ ይታጠፋል። አዲሱን በአሮጌው ቀዳዳ አያስገቡ።

እንጨቱ ቢሰነጠቅ

ወዲያውኑ ያቁሙ፤ ተጨማሪ ምት ስንጥቁን ያረዝመዋል። ምስማሩን ይንቀሉ፣ በስንጥቁ ውስጥ የእንጨት ሙጫ ያስገቡ፣ በማሠሪያ አጥብቀው እስኪደርቅ ይተዉት። ለሚቀጥለው የምስማሩን ሹል ጫፍ በብረት ላይ አቁመው አንድ ሁለት ጊዜ በመምታት ያደንዙት። የደነዘ ጫፍ የእንጨቱን ጭረት እየሰበረ ስለሚገባ አይሰነጥቅም፤ የሾለው ግን እንደ ሽብልቅ ጭረቶቹን ግራና ቀኝ ይገፋል። ብዙ ምስማር በተርታ የሚመቱ ከሆነ ሁሉንም በአንድ የጭረት መስመር ላይ አይደርድሩ፤ አንዱን ከፍ አንዱን ዝቅ እያደረጉ ያፈራርቋቸው።

ደረጃ 5፦ ግድግዳ ላይ

በግድግዳ ላይ ከመምታትዎ በፊት የኤሌክትሪክ ሶኬቶችና ማብሪያዎች የት እንዳሉ ይመልከቱ። ሽቦ በአብዛኛው ከእነዚህ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ፣ ወደ ታች ወይም ወደ ጎን ስለሚሄድ በእነዚህ መስመሮች ላይ ምስማር አይምቱ። ከቧንቧ በላይና በታችም እንዲሁ። ከተጠራጠሩ ቦታውን ይቀይሩ።

ሥዕል የሚሰቅሉበትን ምስማር ራሱ ወደ ላይ እንዲያዘነብል በሰያፍ ይምቱት፤ ቀጥ ካለው የበለጠ ይሸከማል። አርማታ ከሆነ ግን ተራ ምስማር አይገባም፣ ባዶ ብሎኬትም በመዶሻ ይፈረፈራል። በሁለቱም በድሪል በስተው ፊሸር (ብሎኑን የሚይዝ የፕላስቲክ መሰኪያ) ያስገቡና በብሎን ይጠቀሙ። ለግንብ ተብሎ የተሠራው ጠንካራ የብረት ምስማር ደግሞ በአናጢ መዶሻ አይመታም፤ ጠንካራ ብረት ከጠንካራ ብረት ሲጋጭ ከፊቱ ወይም ከምስማሩ ስባሪ ሊፈናጠር ይችላል። በዚሁ ምክንያት የብረት መሮን፣ ድንጋይንና ሌላ መዶሻን በዚህ መዶሻ አይምቱ። ምስማር በጠባብ ቦታ ለማስገባት አንዱን መዶሻ አስደግፎ በሌላው መምታት የተለመደ ነው፤ ዓይን የሚያጠፋውም ይኸው ልማድ ነው። በመዶሻው ጎንም አይምቱ፤ ጎኑ ለምት አልተሠራም።

ደረጃ 6፦ ምስማር መንቀል

እጀታው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ሲጎተት፣ መንቀያው ምስማሩን የያዘው ራሱ ካረፈበት ነጥብ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ከሆነ፣ የእጅዎ ኃይል ምስማሩ ላይ ሰባት እጥፍ ያህል ሆኖ ይደርሳል። ያው ኃይል ከመዶሻው ራስ በታች ያለውን እንጨትም ይጫናል። አንድ ጊዜ የበር መቃን ምስማር ስነቅል ይህን ረስቼ በአዲስ ቀለም ላይ እንደ ማንኪያ የጎደጎደ ቦታ ትቻለሁ፤ ስቱኮ አስገብቶ እንደገና መቀባት ከምስማሩ የበለጠ ጊዜ ወሰደ።

1. ምስማሩ በማዶ ወጥቶ ከታጠፈ መጀመሪያ እጥፋቱን ያቅኑና ጫፉን ከማዶ በመምታት ራሱ ብቅ እንዲል ያድርጉ።
2. መንቀያውን ከምስማሩ ራስ ሥር ያስገቡ፤ ምስማሩ ወደ ስንጥቁ ጠባብ ማዕዘን እስኪደርስ ይግፉት።
3. ከመዶሻው ራስ በታች ቀጭን ቁራጭ እንጨት ያስቀምጡ።
4. እጀታውን ቀጥ ብሎ እስኪቆም ድረስ ብቻ ወደ እርስዎ ይሳቡ። ከዚያ አያሳልፉት፤ ካለፈ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ምስማሩ ይጣመማል፣ ቀዳዳውም ይሰፋል።
5. መንቀያውን አላቅቀው ወፈር ያለ እንጨት ይተኩና እንደገና ይያዙ። ረጅም ምስማር ሁለት ሦስት ጊዜ መተካትን ይጠይቃል።

ምስማሩ ዝጎ አልንቀሳቀስ ካለ መጀመሪያ አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ይምቱት። ጥቂት ከገባ ዝገቱ ከእንጨቱ ይላቀቅና ይወጣል። ራሱ ከተቆረጠ ግንዱን በመንቀያው ስንጥቅ አጥብቀው ይያዙና እጀታውን ወደ ጎን ይጣሉት፤ መንቀያው ይነክሰውና ጥቂት ያወጣዋል፤ ቀጥሎ ወደ ሌላው ጎን ይድገሙት። ይህም ካልሆነ ጉጠት ይጠቀሙ። እጀታው ላይ ቧንቧ ሰክቶ ማስረዘም ግን የተከለከለ ነው፤ የሚሰበረው እጀታው ወይም የመንቀያው አንዱ ቀንድ ነው።

ደረጃ 7፦ መዶሻው ራሱ ሲታመም

ራሱ ከተነቃነቀ በዚያው ሰዓት ሥራውን ያቁሙ። ብዙዎች መዶሻውን ውኃ ውስጥ ያሳድራሉ። እንጨቱ ያብጥና ለአንድ ቀን ይጠብቃል፣ ሲደርቅ ግን ከበፊቱ የበለጠ ይላላል። ትክክለኛው መንገድ መዶሻውን ራሱን ወደ ታች አድርገው በአየር ላይ አንጠልጥለው ይዘው የእጀታውን ግርጌ በእንጨት መምታት ነው። ራሱ ከክብደቱ የተነሣ ባለበት ሲቆይ እጀታው እየሰመጠ ይገባበታል። ከዚያ በላይ በኩል ያለውን ሽብልቅ መልሰው ይምቱ፤ ከጠፋ ወይም ካረጀ አዲስ የብረት ሽብልቅ ያስገቡ።

የተሰነጠቀ እጀታ በፕላስተር አይጠገንም፤ ይቀየራል። ፊቱ የተሸረፈ፣ ጠርዙ እንደ እንጉዳይ ተጠፍጥፎ የተዘረጋ ወይም መንቀያው የተሰነጠቀ መዶሻ ግን መጠገኛ የለውም። ሌላ ሰው አንሥቶ እንዳይጠቀምበት እጀታውን አውልቀው ከሌሎች መሣሪያዎች ለይተው ይጣሉት።